የመኪና ቀለም የበላው ቮልስ

ጥያቄው የመጣው ባሕር ዳር ፖሊ ከሚማር ወጣት ነው። «ጋሼ፣ አክስቴ ከውጭ ስትመጣ በ1/24 መጠን የሚገጣጠም የፕላስቲክ ቮልስ አመጣችልኝ። አያቴ ድሮ ጢስ ዓባይ ይመላለሱባት የነበረችውን ቮልስ አስመስዬ ልሠራላቸው ብዬ ከሰፈር ጋራዥ የተረፈ የመኪና ቀለም በቲነር አቅጥኜ ነፋሁባት። ሲደርቅ ኮፈኑና ጣራው ውኃው እንደ ሸሸው ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ፓራብሬዛውን በሱፐር ግሉ ሳጣብቀው ደግሞ ጭጋግ ለበሰ። ትጣል ወይስ ትድናለች?»

ትድናለች። ዛሬ ግን አትንካት።

እኔ የምኖረው ላሜራ ቀለም በመቀባት ነው። ላሜራ ላይ የለመድሁት ሁሉ ፕላስቲክ ላይ እንደማይሠራ የገባኝ እንዳንተው አንድ ጣራ ካበላሸሁ በኋላ ነው። ያንተ ኪት የተሠራው ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። የጋራዥ ቲነር ውስጥ ደግሞ እንደ ቶሉይንና አሴቶን ያሉ ፖሊስታይሪንን የሚያሟሙ ፈሳሾች አሉ። ላሜራ ቲነር አይጠጣም፤ ፕላስቲክ ግን ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ቲነሩ ሲተን ደግሞ ይኮማተራል። ስለዚህ የተሰነጠቀው ቀለሙ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው የፕላስቲኩ ቆዳም ነው። ቀለሙን በቲነር ላጥበው ብትል ኮፈኑ እጅህ ላይ ይሟሟል። ቤንዚንም አታስጠጋ። የሞዴል ማጣበቂያም ቢሆን የሚሠራው በዚሁ ባሕርይ ነው፤ ሁለቱን ጠርዞች አሟሙቶ አንድ ያደርጋቸዋል። ልዩነቱ እሱ በጠብታ መሆኑ ነው።

አንድ ሳምንት ጥላ ውስጥ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ አስቀምጣት። ውስጡ የቀረው ቲነር ሳይወጣ ብትፍቃት ለስላሳው ፕላስቲክ እየተቀደደ ይመጣል። ከዚያ በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያረጠብህ ፍቃት። ወረቀቱን በጣትህ አትያዘው፤ ጣት ጉድጓድ ያወጣል። ላጲስ ላይ ጠቅልለው። የጣራውን የውኃ መውረጃና የበሩን መስመሮች አስቀድመህ በወረቀት ፕላስተር ሸፍን፤ አንዴ ከተፋቁ መመለሻ የላቸውም። ስንጥቁ ጥልቅ በሆነበት ቦታ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርገህ ታልክ ፓውደር ነስንስበትና እንደ ስቱኮ ሙላው። ሞልተህ ግን አትደር፤ ካደረ ከዙሪያው ፕላስቲክ ይጠነክራልና ስትፍቀው ዳርና ዳሩ ይጎደጉዳል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍቀህ ጨርስ። በ600 እና በ1000 ቁጥር አለስልሰህ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠባት።

አሁን ወደ ቀለሙ። የጋራዥ ቀለም ባይበላት ኖሮም አልመክርህም ነበር። የእውነተኛ መኪና ቀለም ከፕራይመር (ከመጀመሪያው የሥር ቀለም) እስከ ላይኛው ድረስ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ያንኑ ውፍረት ቮልሷ ላይ ብትጭን በ24 ስታባዛው 2.4 ሚሊ ሜትር ቀለም የተለበጠች መኪና ማለት ነው። የበሩ ክፍተት ይደፈናል፤ ሜታሊክ ቀለም ከሆነ ደግሞ ፍንጣቂው ጠጠር መስሎ ይታያል። ከመቀባትህ በፊት የበርና የኮፈን መስመሮችን በመቁረጫ ምላጭ ጀርባ ቀስ ብለህ አጥልቃቸው። ቀለሙ በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይሁን። የሚነፋ ፕራይመር ካገኘህም መጀመሪያ ክፍሎቹ ተሰክተው በመጡበት የፕላስቲክ ዘንግ ላይ ሞክረው፤ እሱን ካልበላው ቮልሷንም አይበላትም። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርቀህ፣ የመጀመሪያውን ዙር እንደ አቧራ ብቻ አልብሳት። ደረቅ ብሎ የሚያርፍ ስስ ቀለም ፕላስቲኩን ለማሟሟት ጊዜ አያገኝም። አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቀህ ድገም። የሚያበላሸን ሁልጊዜ በአንድ ዙር ለመሸፈን መቸኮላችን ነው።

የሐይቁ አየርም ይቆጠራል። ክረምት ላይ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ በቲነር የሚቀጥን ቀለም ስትነፋ ነጭ ይሆንብሃል፤ ቲነሩ ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዘው የአየሩ እርጥበት እላዩ ላይ ይጤዛል። ረፋድ ላይ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ፣ የከሰዓቱ ዝናብ ሳይመጣ ንፋ። ዶርም ውስጥ ግን በፍጹም! በተለይ ካታሊስት (ማጠንከሪያ) የሚጨመርበት የጋራዥ ቀለም ሳንባ ይጎዳል፤ የወረቀት ማስክም አያድንህም። አብረውህ የሚያድሩ ልጆች አሉ።

የፓራብሬዛው ጭጋግ ከሱፐር ግሉ የተነሣ ትነት ነው። ትነቱ እርጥበት ሲያገኝ ነጭ ሆኖ መስተዋቱ ላይ ይደርቃል። ቮልሷን ለጥቂት ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣት፤ ሱፐር ግሉ በብርድ ይሰባበራል፣ መስተዋቱን ከውስጥ በቀስታ ስትገፋው ይለቃል። በነጭ የጥርስ ሳሙናና በጥጥ ጨርቅ አሽተህ እጠበው። መልሰህ ስትገጥመው በእንጨት ኮላ አጣብቀው፤ ሲደርቅ ጥርት ይላል፣ ከተረፈም በእርጥብ ጨርቅ ይነሣል።

አያትህ ዕቃ ያስጫኑበት የነበረ ፖርቶ ባጋልዮ (የጣራ ላይ ዕቃ መጫኛ) ካለ ከስልክ መስመር ሽቦ ሥራው። 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነው መዳብ በዚህ መጠን 1.2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ይመስላል፤ ልኩ ነው። እዚያው መኪናዋ ላይ ግን አታጣብቀው፤ ወረቀት ላይ ሥለህ፣ ሥዕሉ ላይ ገጣጥመህ፣ የሱፐር ግሉው ትነት ካለቀ በኋላ ጫንባት። የእውነተኛዋ ቮልስ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 2.4 ሜትር ስለሆነ ያንተ ላይ አሥር ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ሌላውን ሁሉ ከዚያ ለካ።

የጢስ ዓባይን መንገድ አቧራም ትፈልጋለህ ብዬ አስባለሁ። አፈሩን አምጥተህ እንዳለ ብትነሰንስባት እያንዳንዱ ቅንጣት ድንጋይ ይመስላል። ብርጭቆ ውኃ ውስጥ በትነው፣ ከባዱ ወደ ታች ሲወርድ ድፍርሱን ውኃ ወደ ሌላ ብርጭቆ ገልብጥ፣ እሱን ደግሞ አሳድረህ አቅርረው። ሥር የቀረው ዱቄት ነው የሚጠቅምህ። በውኃና በአንድ ጠብታ ኮላ በጥብጠህ ከፓራፋንጎው (ከጎማ ሽፋኑ) ሥርና ከኋላ ፓራኡርቲው (ከግጭት መከላከያው) ጀምር፤ ወደ ላይ ስትወጣ እያሳሳኸው ሂድ። ጣራው ላይ ምን ያህል አቧራ ይቀመጥ እንደነበር አያትህን ጠይቃቸውና እሳቸው እንዳሉህ አድርገው።