መልስ፦ ድምሩ ለምን 45 ይሆናል?

«ከ1 እስከ 10 ያሉትን ቁጥሮች ደምር» የሚለው የፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) መልመጃ 55 ማውጣት ሲገባው 45 አለኝ ላልከው፣ ወንድሜ፣ የሸወደህ ሬንጁ (range፣ ቁጥሮችን በተራ የሚያወጣው ትእዛዝ) ነው። 1 እና 10 ብለህ ስትሰጠው 9 ላይ ያቆማል፤ የመጨረሻዋን ቁጥር አይነካትም። 10ን 11 አድርገው።

እኔንም ደብረ ብርሃን ስማር ይቺው ነገር ግማሽ ቀን ፈጅታብኛለች። የገላገለኝ የመብራት መጥፋት ነው። ላፕቶፑ ሲዘጋብኝ ጋቢዬን ደርቤ ደብተር ላይ ሁለት ዓምድ አሰመርኩ። በአንዱ ቁጥሩ፣ በሌላው ድምሩ። 1 ላይ 1፣ 2 ላይ 3፣ 3 ላይ 6 እያልኩ ወረድኩ። 9 ላይ 45 ሞላ። አስሯ ለካ አልገባችም!

ደግሞ ድምሩን ዜሮ የምታደርግበት መስመር ከሉፑ (መደመሩን ከሚደጋግመው ክፍል) በላይ ይሁን። ውስጥ ከገባ ድምሩ በየዙሩ ይሰረዝና መጨረሻ ላይ 10 ብቻ ይቀርሃል።