ወፍራም ፊደል ለምትሰሩ ልጆች

ልጆች፣ ሰሞኑን የምትሰሯቸውን ፖስተሮችና ሎጎዎች እያየሁ ነው፣ ከልቤ ደስ ይለኛል። ፊደላችን እንደዚ ወፍሮ፣ ክብ ክብ ብሎ፣ ሲጫወት ማየት በኛ ጊዜ ብርቅ ነበር። እኔ ስራውን የጀመርኩት በብሩሽ ነው፣ ቆርቆሮ ላይ ታፔላ እየፃፍኩ፣ ኮምፒውተሩ በኋላ መጣና እሱንም ተማርኩ፣ እና ዛሬም ፎንት ስሰራ እጄ ላይ ያለው ያ የታፔላው ነገር ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ገና ጀማሪ እያለሁ አንዲት እናት ኬክ ቤት ልትከፍት ታፔላ አዘዘችኝ፣ ወፈር ያለ፣ ህፃናት የሚወዱት አይነት ፊደል ይሁን አለችኝ። እኔም አወፈርኩት፣ በጣም አወፈርኩት፣ ቅርብ ቆሜ ሳየው ያምር ነበር። ታፔላው ተሰቅሎ ከአስፋልቱ ማዶ ሲታይ ግን የኬ እና የቤ ቀለበት ተደፍኖ ኃምሱ ሳልስ መስሎ ቁጭ አለ፣ «ኪክ ቢት»። የሰፈሩ ልጆች ጮክ ብለው ሲያነቡት ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ፊቷን እስካሁን አልረሳሁትም። በማግስቱ አውርጄ በራሴ ቀለም እንደገና ፃፍኩላት።

ፊደል ሲወፍር መጀመሪያ የሚበላው ውስጡ ያለውን ነጭ ቦታ ነው። የኛ ፊደል ደግሞ አናባቢውን የያዘው እዛችው ትንሽ ቦታ ላይ ነው፣ በካዕቧ የጎን ቅጥያ፣ በሳልሷ እግር፣ በኃምሷ ቀለበት። ብዙዎቻችሁ እንደ ሞዴል የምትወስዱት ኩፐር ብላክ የሚባለውን ወፍራም የላቲን ፎንት ነው፣ ኦስዋልድ ኩፐር ቺካጎ ውስጥ የሰራው፣ በ1922 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ጫፉ ሁሉ ለስላሳ የሆነው። እኔም እወደዋለሁ። ግን የላቲን ፊደል 26 ነው፣ ትልቁንም ትንሹንም ብትቆጥሩ 52፣ እግሩ ቢያጥር ቢረዝም ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ አይቀየርም። የኛ 33 ሲባዛ በ7፣ 231፣ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። እና ዋናው ነገር ቁጥሩ እንኳን አይደለም፣ በ፣ ባ እና ቦን እዩዋቸው እስቲ፣ የሚለያዩት በእግር ርዝመት ብቻ ነው! አንድ ልጅ ፊደሎቹ እንዲጨፍሩ ብሎ አንዱን እግር አሳጥሮ አንዱን አስረዝሞ የሰራውን አይቻለሁ፣ በጣም ያምራል፣ ግን በ የነበረው ባ ሆኖ ይነበባል። ጨዋታውን ጭንቅላቱ ላይ፣ ሆዱ ላይ፣ የጫፉ አቆራረጥ ላይ አድርጉት እንጂ እግሩን አትንኩት፣ ወይ ደግሞ ከፈለጋችሁ ፊደሉን በሙሉ አንድ ላይ አዘንብሉት።

ለማወፈር ራሱ የራሳችን መንገድ አለን። ብራና ላይ በመቃ ብዕር የተፃፈ አሮጌ ፅሁፍ ስታገኙ ቀረብ ብላችሁ እዩት፣ ቋሚው እግር ወፍራም ነው፣ አግዳሚውና ማያያዣው ቀጭን ነው። ክብደቱን እግሩ ላይ ጫኑት፣ ያኔ ቀለበቷም ቅጥያዋም መተንፈሻ ታገኛለች። ቀጭን ፎንት ወስዶ ኢሉስትሬተር በሚባለው የስዕል ፕሮግራም ላይ ስትሮክ (የዙሪያ መስመር) ጨምሮ ማወፈር የሚባለውን ነገር ግን እባካችሁ ተዉት፣ ወደ ውጪም ወደ ውስጥም እኩል ስለሚያብጥ መጀመሪያ የሚደፈነው ያው ቀለበቱ ነው። ወፍራም ከፈለጋችሁ ወፍራም ሆኖ የተሳለ ፎንት ፈልጉ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ለምሳሌ ከቀጭኑ እስከ «ብላክ» የሚባለው በጣም ወፍራሙ ድረስ 9 ውፍረት አለው፣ የመጨረሻውን ከፍታችሁ ቀለበቶቹን እንዴት ክፍት አድርጎ እንደያዛቸው አጥኑት።

ራሳችሁ ስትስሉ በ«ሀ» አትጀምሩ። ሀ ቀላል ነው፣ ያታልላል። በ«ጤ» ጀምሩ፣ ሶስት እግር ከነቀለበቱ፣ እሱ የቻለውን ውፍረት ለሌሎቹ ስጧቸው፣ በ«ሀ» ከጀመራችሁ ግን ውፍረቱን ወስናችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ጤ እና ጬ ጋር ስትደርሱ ቦታ ታጡና ሁሉንም እንደገና ትስላላችሁ፣ እኔ ሁለት ወር እንደዛ አቃጥያለሁ። ከዛ «ሙሉ» ብላችሁ ፃፉና ፊደሎቹን አጠጋግታችሁ እዩ፣ የ ሙ ቅጥያ ከ ሉ ጋር ከተጣበቀች ክፍተቱ አንሷል ማለት ነው። አራት ነጥቡንም አትርሱት፣ ብዙ ሰው ከቀጭን ፎንት ላይ ገልብጦ ይለጥፈውና ከወፍራሙ ፊደል አጠገብ የዝንብ ነጥብ ይመስላል።

የት ይግባ ለሚለው፣ ሱቅ ስም፣ የልጆች መፅሐፍ ሽፋን፣ ኮንሰርት፣ ጁስ ቤት፣ ሁለት ሶስት ቃል፣ በቃ። አንድ ሙሉ አንቀፅ በዚ ፊደል ስልክ ላይ ለማንበብ መከራ ነው። አንዴ ደግሞ የሀዘን መግለጫ በዚህ አይነት ድብልብል ፊደል ተፅፎ አይቼ ልቤ አዝኗል፣ የሟች ስም እንደ ከረሜላ ማስታወቂያ ቁጭ ብሎ። የፃፈው ልጅ ክፋት የለውም፣ ያለው ፎንት እሱ ነበር መሰለኝ፣ ግን ቤተሰቡ ያንን ወረቀት ለአመታት ነው የሚያስቀምጠው።

የሰራችሁትን ስታሳዩኝ ሙሉውን ፖስተር ተዉትና መጀመሪያ ጤ፣ ኬ፣ ሙ እና ቦ ን አሳንሳችሁ በወረቀት አትሙልኝ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ከክፍሉ ጥግ ሆኜ አነባቸዋለሁ።