ሉል፣ መርጃንና አምበር፦ ከባሕር ስለሚወጡ ጌጦች ጥያቄና መልስ

ባለፉት ሳምንታት ከባሕር ስለሚገኙ የከበሩ ጌጦች ብዙ ጥያቄ ስለቀረበልኝ ዛሬ በአንድነት እመልሳለሁ። ሥራዬ በባሕሬን፣ በማናማ፣ ሉል በመጠንና በቀለም መለየትና በክር መሰካት ስለሆነ፣ ሉልን የሚመለከተው ክፍል ከሌላው የረዘመ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሉል ድንጋይ ነው? እናቴ «ዕንቁ» ነው የምትለው።

መልስ፦ እናትዎ አልተሳሳቱም። «ዕንቁ» በአማርኛ የከበረ ጌጥ ሁሉ የሚጠራበት ስም ሆኖ ኖሯል፤ በወንጌል ያለውን ሁሉ ሸጦ አንዲት ዕንቁ የገዛው ነጋዴም የገዛው ሉል ነው፤ ምክንያቱም በግሪኩ ያለው «ማርጋሪቴስ» ሉል ማለት ነው። ግእዝ ግን የራሱ ቃል አለው፤ ሉልን «ባሕርይ» ይለዋል፣ ቃሉም ከ«ባሕር» ጋር አንድ ሥር ነው። በክብረ ነገሥት ከአዳም ጀምሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተላለፈ እስከ ድንግል ማርያም የደረሰው ብርሃናዊ ነገር በዚህ ስም ተጠርቷል፤ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊ የአባ ባሕርይ ስምም ይኸው ቃል ነው።

ድንጋይ ነው ወይ ላሉት ግን፣ አይደለም። አልማዝና መረግድ በምድር ውስጥ በሙቀትና በግፊት የተፈጠሩ ማዕድናት ሲሆኑ፣ ሉልን የሚሠራው ሕይወት ያለው እንስሳ ነው። መርጃንም (ኮራል የሚባለው) እንዲሁ የእንስሳ አጽም ነው፤ አምበር ደግሞ የዛፍ ሙጫ ነው። ከዚህ በታች የምሰጠው መልስ በሙሉ ከዚህ ልዩነት የሚነሣ ነው፤ ደንበኞች እጅ ላይ ተበላሽተው ያየኋቸው ጌጦች አብዛኞቹ እንደ ድንጋይ ስለተያዙ ነው የተበላሹት።

ጥያቄ፦ አሸዋ ወደ ኦይስተር ሆድ ሲገባ ሉል ይሆናል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በሰፊው ይነገራል እንጂ ትክክል አይደለም። ኦይስተር ባለ ሁለት ክዳን የባሕር እንስሳ ነው፤ በባሕር ወለል ላይ በአሸዋ መካከል ስለሚኖር አሸዋን አውጥቶ መጣል ይችልበታል። ሉል የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ጥገኛ ተሕዋስ ወይም ሌላ ጉዳት፣ ቅርፊቱን የሚሠራውን ስስ ሥጋ ሲያቆስለው ነው። ከዚያ ሥጋ የተነጠሉ ሕዋሳት ወደ ውስጥ ዘልቀው ከረጢት ይሠራሉ፤ ከረጢቱም በቅርፊቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚለበጠውን ያንኑ አንጸባራቂ ነገር፣ ናከርን፣ በራሱ ዙሪያ ንጣፍ በንጣፍ ይደርባል።

ናከር በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የኖራ ድንጋይና የእንቁላል ቅርፊትም ከዚሁ የተሠሩ ናቸው። ልዩ የሚያደርገው አደራደሩ ነው። እጅግ ስስ የሆኑ ጠፍጣፋ ቅንጣቶች በፕሮቲን እየተያያዙ ይነባበራሉ፤ ብርሃን በእነዚህ ንጣፎች መካከል ገብቶ ሲመለስ ነው ከውስጥ የሚመነጭ የሚመስለው ድምቀት የሚታየን። ጥሩ ሉል በመስኮት ብርሃን ፊት ቢያዞሩት የመስኮቱን ፍሬም በገጹ ላይ ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ ደካማው ግን የደበዘዘ ነጭ ነገር ብቻ ነው የሚያሳየው። እኔ ስለይ ከመጠኑና ከክብነቱ አስቀድሜ የማየው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ «ተፈጥሯዊ» እና «የተመረተ» በሚባሉት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? የተመረተ ማለት ሐሰተኛ ማለት ነው?

መልስ፦ ፈጽሞ አይደለም፤ ይህን ጠንከር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። የተመረተው ሉልም በሕያው ኦይስተር ውስጥ የተሠራ እውነተኛ ሉል ነው፤ ልዩነቱ ሥራውን ያስጀመረው የሰው እጅ መሆኑ ብቻ ነው። ባለሙያው ከዛጎል የተጠረበች ክብ ፍሬ፣ ከሌላ ኦይስተር ከተቆረጠ ቁራጭ ሥጋ ጋር፣ በእንስሳው አካል ውስጥ ያስገባል፤ እንስሳውም ወደ ባሕር ተመልሶ ፍሬዋን በናከር ይለብጣታል። አኮያ ለሚባለው የጃፓን የተመረተ ሉል ፍሬው ለብዙ ዘመን የተጠረበው ከአሜሪካ፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ አካባቢ ከሚገኝ ዛጎል ነው።

ጃፓናዊው ኮኪቺ ሚኪሞቶ እ.ኤ.አ. በ1893 የመጀመሪያዎቹን ግማሽ ክብ ሉሎች አመረተ፤ ሙሉ ክቡን የማምረት ዘዴም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የተፈጥሮ ሉል ዋጋ እንዴት እንደወደቀ አንድ ሐብል ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1917 በኒው ዮርክ የካርቲየር የጌጣጌጥ ኩባንያ በአምስተኛው ጎዳና የሚገኘውን ሕንጻውን ያገኘው አንድ ሚሊዮን ዶላር በተተመነ ባለ ሁለት ረድፍ የተፈጥሮ ሉል ሐብል ለውጦ ነው። ያው ሐብል እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሸጥ ያወጣው 150,000 ዶላር አካባቢ ብቻ ነበር።

እዚህ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ጉዳቱ የከፋ ነበር። በሙቀቱ ወራት፣ አራት ወር ያህል፣ መርከቦች ወደ ኦይስተር መስኮች ይወጡ ነበር፤ ጠላቂው አፍንጫውን «ፍጣም» በሚባል መቆንጠጫ ይዘጋል፣ እግሩን ድንጋይ በታሰረበት ገመድ ላይ አድርጎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ኦይስተር ለቅሞ በአንገቱ ባንጠለጠለው መረብ ይሞላል፣ ከላይ ያለው ጓደኛውም በገመድ ጎትቶ ያወጣዋል። ይህንንም በቀን በብዙ ዙር ይደጋግሙት ነበር። አብዛኛው ጠላቂ ከመርከቡ አዛዥ በወሰደው ብድር የታሰረ ሲሆን፣ ከምሥራቅ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ወገኖችም በመካከላቸው ነበሩ፤ በባሕረ ሰላጤው የምንኖር ሐበሾች ይህን ልናውቀው ይገባል እላለሁ። የጃፓን ሉልና እ.ኤ.አ. በ1929 የጀመረው የዓለም የኢኮኖሚ ውድቀት ይህን ሥራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጣሉት። በባሕሬን ነዳጅ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። ባሕሬን ዛሬም የተመረተ ሉል በአገሯ እንዳይሸጥ ትከለክላለች፤ በአገሪቱ የሙሐረቅ ከተማ ያሉት የሉል ነጋዴዎች ቤቶችና የኦይስተር መስኮቹም እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በርካሽ የሚሸጠው ሉል እጅግ የሚበዛው በቻይና ኩሬዎችና ሐይቆች ውስጥ ጨዋማ ባልሆነ ውኃ የተመረተ ሉል ነው። እውነተኛ ሉል ነው፤ ባሕርን ግን አያውቅም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ውስጥ የገዛሁትን ሉል በጥርሴ ሳሽ ሻካራ ሆነብኝ። የተፈጥሮ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሻካራነቱ የሚነግርሽ ናከር መሆኑን ብቻ ነው። ከብርጭቆ ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ማስመሰያ ጥርስ ላይ ይንሸራተታል፤ የተፈጥሮውና የተመረተው ግን ሁለቱም ይሻክራሉ። ሁለቱን በእርግጠኝነት የሚለየው ውስጡን በኤክስሬይ ማየት ነው። በቤትሽ ማድረግ የምትችይው ክሩ የሚያልፍበትን ቀዳዳ በማጉያ መነጽር መመልከት ነው፤ በቀዳዳው አፍ ላይ በናከሩና በውስጠኛው ፍሬ መካከል የመለያ መስመር ከታየሽ የተመረተ ነው። ሻጩ «ተፈጥሯዊ» ብሎ ውድ ዋጋ ከጠየቀሽ የላቦራቶሪ ማረጋገጫ ሳታዪ አትክፈይ።

ጥያቄ፦ ከቀይ ባሕርስ ሉል ይወጣ ነበር?

መልስ፦ አዎን። በዛሬዋ ኤርትራ የሚገኙት የዳህላክ ደሴቶች ለረጅም ዘመን የሉል መጥለቂያ ነበሩ፤ ከዚያ የወጣው ሉልና የሉል ዛጎል በምጽዋ ነጋዴዎች እጅ ወደ ሕንድና ወደ አውሮፓ ይላክ ነበር። የዛጎሉ አንጸባራቂ ገጽ ራሱን የቻለ ሸቀጥ ነው፤ የሸሚዝ ቁልፍ ይሠራበታል፣ የቤተ ልሔም ጠራቢዎችም መስቀልና የልደት ሥዕል ይቀርጹበታል። ከኢየሩሳሌም የተመለሱ ተሳላሚዎች ቤት ነጭ የሚያብለጨልጭ መስቀል አይታችሁ ከሆነ፣ ያ የሉል እናት የሆነው ዛጎል ነው።

ጥያቄ፦ ጅዳ ስሠራ አሠሪዬ «ዩስር» የሚባል ጥቁር መቁጠሪያ ሰጡኝ። ከምን የተሠራ ነው? ቀዩ መርጃንስ?

መልስ፦ ዩስር ጥቁር ኮራል ነው፤ እንደ ቀንድና ጥፍር ከፕሮቲን የተገነባ ስለሆነ ሲሞርዱት የቀንድ ሽታ ይሸታል። እጅግ በዝግታ ያድጋል፤ በሃዋይ ጥልቅ ባሕር ከ4,000 ዓመት በላይ የኖረ ጥቁር ኮራል ተገኝቷል። ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፀዋት ንግድን በሚመለከተው ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ ቁጥጥር ስላለበት፣ ይዘውት ወደ አገር ከመግባትዎ በፊት ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ይጠይቁ። የተሰጠዎትን በክብር ይያዙት፤ አዲስ ግን ባይገዙ እመክራለሁ።

ቀዩ መርጃን ከሜዲትራኒያን ባሕር የሚወጣ ሲሆን፣ የሥራው ዋና ከተማ በኔፕልስ አጠገብ ያለችው ቶሬ ዴል ግሬኮ ናት። ቅርንጫፉ በዓመት ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ስለሚወፍር፣ በጣት የሚያህል ውፍረት ያለው መርጃን የብዙ አሥርት ዓመታት ሥራ ነው። በገበያ ላይ ቀለም የተነከረ ርካሽ ኮራል ይበዛልና፣ ጥጥ በአሴቶን (በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፈሳሽ) አርጥበው በማይታይ ቦታ ላይ ሲያሹት ጥጡ ከቀላ ቀለም ነው።

ጥያቄ፦ አያቴ ከወሎ ያመጡት ትልልቅ ቢጫ አምበር አለን። እውነተኛ መሆኑን እንዴት እናውቃለን?

መልስ፦ አምበር በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት የደነደነ የዛፍ ሙጫ ነው፤ ከባሕር ጌጦች ጋር የሚቆጠረው በባልቲክ ባሕር ዳርቻ ማዕበል እየተፋው ስለሚለቀም ነው። በአገራችንም በሰሜን ሸዋ ተገኝቷል።

ፍሬዎቹን ከክሩና ከብሩ ለይተው፣ ጨው መሟሟት እስኪያቅተው ድረስ በጨመሩበት ውኃ ውስጥ አንዷን ይጣሉ። አምበር ይንሳፈፋል፤ ቤክላይት የሚባለው አሮጌ ፕላስቲክ ይሰጥማል። ገና ያልደነደነው ኮፓል የሚባል ሙጫም ስለሚንሳፈፍ፣ ቀጥሎ አንድ ጠብታ አሴቶን ያንጠባጥቡበት፤ ኮፓል ይጣበቃል፣ አምበር ግን አይለወጥም። ወደ አፍሪካ ከተላከው «አምበር» ብዙው በአውሮፓ የተሠራ ቤክላይት ነውና ቢሰጥም እንዳያዝኑ፤ የአያትዎ አንገት ላይ የነበረ መሆኑን ጨው አይለውጠውም።

ጥያቄ፦ አኳማሪን የሚባለው ሰማያዊ ዕንቁስ ከባሕር ነው የሚወጣው?

መልስ፦ ስሙ «የባሕር ውኃ» ማለት ቢሆንም የተሰየመው በቀለሙ ነው፤ ከምድር የሚቆፈር ማዕድን ነው። የደላንታ ኦፓልም እንዲሁ ከእሳተ ገሞራ ዓለት ነው የሚወጣው።

ጥያቄ፦ ሉሌን እንዴት ልያዘው?

መልስ፦ አሲድ ካልሲየም ካርቦኔትን ይበላል፤ ስለዚህ ሎሚ፣ ኮምጣጤና ላብ ጠላቶቹ ናቸው። ሽቶና የፀጉር ቅባት ከተቀቡ በኋላ፣ ከሁሉ መጨረሻ ያጥልቁት፤ ሲመለሱም አስቀድመው ያውልቁት፣ በለስላሳ እርጥብ ጨርቅም ይጥረጉት። ከወርቅና ከአልማዝ ጋር በአንድ ከረጢት ካስቀመጡት ይጫጫራል። አንዲት እናት ከሠርጋቸው ጀምሮ የያዙትን ሐብል አንድ ወርቅ ቤት በሚንቀጠቀጥ የማጠቢያ ማሽን አጥቦ መለሰላቸው፤ እኔ ዘንድ ሲደርስ ገጹ እንደ ኖራ ደብዝዞ ነበር፣ መመለሻም አላገኘሁለትም። በየጥቂት ዓመቱም ክሩን ያስለውጡ፤ በየፍሬው መካከል ቋጠሮ እንዲደረግበት ይጠይቁ፣ ክሩ ድንገት ቢበጠስ የሚወድቀው አንድ ፍሬ ብቻ ይሆናልና።