የክረምት ኢንተርቪው ጥያቄዎቻችሁ፣ ከአዳማ

አዳማ በሚገኝ ፋብሪካ በሰው ኃይል ክፍል 12 ዓመት ሠርቻለሁ። ሐምሌ ሲገባ ተመራቂውም ዝናቡም አንድ ላይ ይመጣል። ስለ ቃለ መጠይቅና ስለ ብርዱ የጠየቃችሁኝን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ቃለ መጠይቅ አለኝ። ሌሊት ልነሳ ወይስ ማታውኑ ሄጄ ልደር?

መልስ፦ ዘመድ ካለህ ሄደህ እደር። ከሌለህ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ተገኝ። ፈጣን መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ እሱ አያስቸግርህም። ጊዜህን የሚበላው ቃሊቲ ከወረድክ በኋላ በዝናብ ታክሲ መጠበቁ ነው። ብርዱንም አትናቀው። እኛ ያለነው 1,600 ሜትር ከፍታ አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ እዚህ የበቃህ ሸሚዝ እዚያ አይበቃህም። ከሥር ካናቴራ፣ ከላይ ሹራብ ደርብ።

ጥያቄ፦ የደረሰኝ ኢሜይል በእንግሊዝኛ ነው፤ ጁላይ 15፣ 9:00 ይላል። ከሰዓት በኋላ ማለት ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም እህቴ! በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 9:00 የእኛ 3 ሰዓት ነው። ቀኑም ሐምሌ 8 ነው እንጂ ሐምሌ 15 አይደለም። አንዲት ልጅ እንዲህ ተሳስታ በዶፍ ዝናብ 9 ሰዓት ላይ መጣች፤ ጸጉሯ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ፋይሏን በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ፈታኞቹ ሄደዋል። ጥፋቱ የእኛም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብዬ በአማርኛ እጽፋለሁ። እንዲህ ያልጻፉልሽ እንደሆነ ደውለሽ «ጠዋት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ማንም አይቆጣሽም።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ጭቃ ነው፣ ሲዘንብ ባጃጅ አይገባም። ጫማዬን ምን ላድርገው?

መልስ፦ ኮንጎ ጫማ አድርገህ እስከ አስፋልት ውጣ። ደህናውን ጫማና ደረቅ ካልሲ በፌስታል ያዝ። በሩ አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ገብተህ ቀይር፤ ኮንጎውን ለጥበቃው ብትሰጠው ያስቀምጥልሃል። ማታ የረጠበ የቆዳ ጫማ ከሰል አጠገብ አታድርቅ፣ ይሰነጠቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቀህበት ይደር።

ጥያቄ፦ ዶክመንቴን በክላሰር ብይዝ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ሰማያዊው ማኅተም ሙሉ ገጹ ላይ የተሰራጨበት ቴምፖራሪ ዲፕሎማ እጄ ላይ ደርሶ ያውቃል፤ ስሙ እንኳ አይነበብም ነበር። ወረቀቱ ፕላስቲክ ውስጥ፣ ፕላስቲኩ ሌላ ፌስታል ውስጥ ይግባ። ፎቶኮፒና ፕሪንት ከአንድ ቀን በፊት ጨርሱ፤ መብራት የሚጠፋው ሲዘንብ ነው።

ጥያቄ፦ ሲበርደኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ፈርታለች እንዳይሉኝ እሰጋለሁ።

መልስ፦ ብርድ ሲሆን ሰውነት ለመሞቅ ይንቀጠቀጣል፤ ደሙንም ወደ ውስጥ ስለሚሰበስብ ጣት ይደነዝዛል። የፍርሃት ምልክት አይደለም። ብዙ ቦታ ከቃለ መጠይቁ በፊት የጽሑፍ ፈተና ስላለ ግን ጣትሽን ማሞቅ አለብሽ። 30 ደቂቃ ቀድመሽ ድረሺ፣ ትኩስ ሻይ እዘዢና ብርጭቆውን በሁለት እጅሽ ያዢው። ከገባሽም በኋላ ከተንቀጠቀጠ «ብርዱ ነው፣ ይቅርታ» በይ። እኔ እንዲህ ስትሉኝ መስኮት እዘጋለሁ።

ጥያቄ፦ ጉንፋን ይዞኛል፣ ነገ ነው።

መልስ፦ ትኩሳት ካለህ ደውለህ ቀን እንዲቀይሩልህ ጠይቅ። ቀላል ከሆነ ሂድ፤ እጅ ከመጨበጥ ይልቅ ጎንበስ ብለህ ሰላም በል፣ ምክንያቱን ንገራቸው። ነጭ ሽንኩርቱን ማታ ብላ፣ ጠዋት ግን ተወው፤ ክፍሉ ጠባብ ነው። አንዳንድ የጉንፋን ክኒን እንቅልፍ ያመጣል፣ ፋርማሲስቱን ሳትጠይቅ ጠዋት አትዋጥ።

ጥያቄ፦ ጃኬቴን አውልቄ ልግባ?

መልስ፦ የረጠበውን አዎ። ደረቅ ሹራብ አይወልቅም።

ጥያቄ፦ ዝናብ አግዶኝ ብዘገይስ?

መልስ፦ ሰዓቱ ከማለፉ በፊት ደውል። ያለህበትንና በስንት ደቂቃ እንደምትደርስ ንገራቸው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈህ ኪስህ ክተት፤ ስልክህ ውሃ ቢገባበት ከባጃጅ ሾፌሩ ተውሰህ ትደውላለህ።