«ቤቴ ውሰጂኝ» የምትለኝ እናቴ

ጥያቄ፦ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። እናቴ 76 ዓመቷ ነው፤ ሐኪም የመርሳት በሽታ ነው ካለን ሁለት ዓመት ሆነን። 40 ዓመት የኖረችበት ቤት ቁጭ ብላ ማታ ማታ «ቤቴ ውሰጂኝ» ትለኛለች። ቦርሳዋን ራሷ ደብቃ «ሰረቅሽኝ» ብላ ትጮህብኛለች። ባለፈው ደግሞ በሌሊት በር ከፍታ ሥላሴ ልሳለም ብላ ወጣች። ወንድሞቼ ውጭ ናቸው፣ ብር ይልካሉ። አንዱ «ለአስታማሚዎች የኦንላይን ትምህርት አለ፣ ተማሪ» አለኝ። በጣም ተናደድኩ። የደከመኝ እኮ ሳልማር ቀርቼ አይደለም። እውነት ይጠቅመኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መናደድሽ አይገርመኝም። ትምህርት እናትሽን አያጥብልሽም፣ በሌሊትም ተነስቶ በር አይዘጋልሽም። ቢሆንም ተማሪው እላለሁ።

«እዚሁ ቤትሽ ነሽ እኮ» ብለሽ ስንቴ ተከራከርሽ? ሠራልሽ? «ቤቴ» ሲሉ ብዙ ጊዜ ግድግዳውን ማለታቸው አይደለም፤ ፈርተው፣ ደክሟቸው ወይ ሽንታቸው መጥቶ ሊሆን ይችላል። ስለ ቤታቸው ጠይቂያቸው፣ ማን ማን ነበር፣ ቡናው የት ይፈላ ነበር፣ እያወሩ ሻይ ስጫቸው። ቦርሳውንም «ነይ እማዬ፣ አብረን እንፈልገው» በያቸው። የት እንዳስቀመጡት ከአእምሯቸው ስለጠፋ ቦታውን በሌባ ነው የሚሞሉት። ስልክ ቁጥርሽን ደግሞ ጨርቅ ላይ ጽፈሽ ቀሚሳቸው ላይ ስፊው።

ትምህርቱ ይህን የመሰለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አይሰፖርት (iSupport) የሚባል የአስታማሚዎች ትምህርት አለው፦ 5 ክፍል፣ 23 ትምህርት። 10ሩ ስለ ባሕርይ ለውጥ ብቻ ናቸው፤ አንቺ ከዚያ ጀምሪ፣ በተራ መሄድ የለብሽም። 3ቱ ስለ አስታማሚው ስለ ራሱ ናቸው፣ እነሱን እንዳትዘያቸው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የትምህርቱ መመሪያ ከድርጅቱ ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል። ስልክ ላይ ማንበብ ከከበደሽ ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሚው።

አንድ ነገር ግን ከየትኛውም ትምህርት በፊት እወቂ። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ከባሰባቸው «ያው በሽታው ነው» ብለሽ አትተዪው። የሽንት ኢንፌክሽን ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፣ ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰጃቸው።

አሁን ወደ ወንድምሽ። «ተማሪ» ላለሽ ወንድምሽ «አንተም ተማር» በይው፣ ከልቤ ነው። አንብቦ ሲጨርስ «ታገሺ» ማለቱን ይተዋል፤ በሳምንት ሁለት ሌሊት የምታድር አስታማሚ ከሚልከው ብር ላይ መቅጠር ለምን እንደሚያስፈልግም ይገባዋል። ማታ 12 ሰዓት ገደማ መረበሽ ሲጀምሩ በቪዲዮ ይደውልላቸው፤ እሱ ሲያጫውታቸው አንቺ ጋደም በይ። እምቢ ካለሽ ይህን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪለት።