የቁጠባና ብድር ማኅበር ልትመሠርቱ ላሰባችሁ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

አንዳንዶቻችሁ ከሰፈር ልጆች ጋር የቁጠባና ብድር ማኅበር ለማቋቋም ደፋ ቀና እያላችሁ ነው። ሌሎቻችሁ ውጭ አገር ሆናችሁ፣ የተወለዳችሁበትን ቀበሌ ለመርዳት ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍታችሁ ገንዘብ ታዋጣላችሁ። ይህን ሳይ ልቤ ይሞላል። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ ነው። ጀርመን አገር የመማር ዕድል አግኝቼም ስለነበር፣ ይህ የብድር ማኅበር አሠራር የተጀመረባቸውን መንደሮች ታሪክ በቅርብ አውቀዋለሁ። እሱን ላጫውታችሁ።

አካባቢው ቬስተርቫልድ ይባላል። ከራይን ወንዝ በስተምሥራቅ ያለ፣ ኮረብታማና ደን የበዛበት፣ ብርዱ የሚከብድ አገር ነው። መሬቱም ያን ያህል ለም አይደለም። በራይን አካባቢ በብዙ ቦታ አባት ሲሞት መሬቱ ለልጆቹ ሁሉ ይከፋፈል ነበር። ፍትሐዊ ነው። ግን ጥቂት ትውልድ ሲያልፍ ማሳው ተቆራርጦ ቤተሰብ የማይመግብ ሆነ። ይህን ለኢትዮጵያ ገበሬ ልጅ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በ1845 እ.ኤ.አ. ፍሪድሪክ ቪልሄልም ራይፋይዘን የሚባል ወጣት ዋየርቡሽ በምትባል መንደር ከንቲባ ሆኖ ተሾመ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ዕድሜው ገና በሃያዎቹ ነበር። ወታደር ነበር፤ ዓይኑን ስለታመመ ከጦሩ ወጣ። ባንክም አያውቅም፣ ገበሬም አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ የ1846 አዝመራ ከሸፈ። ድንቹን በሽታ በላው፣ እህሉም አልያዘም። የብርዱ ወቅት ሲገባ ሰው ተራበ። መንግሥት እህል ላከ፤ ግን በጥሬ ገንዘብ ብቻ ይሸጥ የሚል ትእዛዝ ነበረበት። የተራበው ሰው ደግሞ እጁ ላይ ገንዘብ የለም። ራይፋይዘን ለድሆቹ በዱቤ አደለ። ከዚያ ሻል ያለ ኑሮ ያላቸውን ነዋሪዎች ሰብስቦ ገንዘብ አስዋጣ፣ እህል አስገዛ፣ የመንደሩ ዳቦ መጋገሪያ ቤት አሠራ። ዳቦው ከገበያው ረከስ ባለ ዋጋ፣ ለብዙዎችም በዱቤ ተሰጠ።

ይህ መጋገሪያ ቤት ዳቦ ብቻ የሚወጣበት እንዳይመስላችሁ። በጀርመን መንደሮች የጋራ ምድጃ የኑሮ መሐል ነበር። ምድጃው ቀዝቅዞ ያገኘው ሰው ብዙ እንጨት ይፈጃል፣ ከሱ በኋላ የሚመጣው ግን ጥቂት ይበቃዋል። ስለዚህ በብዙ መንደር ተራው በዕጣ ይወጣ ነበር። ሁልጊዜ አንድ ሰው እንዳይጎዳ ነው። ጎረቤት ሲሞት ሬሳውን የሚሸከሙት ጎረቤቶች ነበሩ፤ እድርን የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። እስከ ዛሬ ድረስ በአብዛኛው የጀርመን መንደር እሳት ሲነሳ የሚሮጠው ደመወዝተኛ ሳይሆን በፈቃደኝነት የሠለጠነ የመንደሩ ሰው ነው። የማኅበር ሕይወታቸው እንዲህ ባሉ ትናንሽ ግዴታዎች የተገነባ ነው።

ወደ ራይፋይዘን ልመለስ። በ1848 ፍላመርስፌልድ ወደምትባል ሌላ መንደር ተዛወረ። እዚያ ያገኘው ችግር አራጣ ነበር። ላም የሌለው ገበሬ ከነጋዴ ላም ይወስዳል። እሱ ይቀልባል፤ ከጥጃውና ከሽያጩ የሚገኘው ጥቅም ግን በአብዛኛው ለነጋዴው ነው። ዕዳው ሲከማች መሬቱ ይሄዳል። ራይፋይዘን በ1849 ስድሳ ገደማ ባለሀብቶችን አሰባስቦ የእርዳታ ማኅበር አቋቋመ። በነሱ ዋስትና ገንዘብ ተበደረ፣ ከብት ገዛ፣ ለገበሬዎቹም በአምስት ዓመት ተከፍሎ በሚያልቅ ክፍያ ሰጠ። በ1852 ኖይቪድ አጠገብ ወዳለችው ሄደስዶርፍ ተዛወረ። እዚያም በ1854 የበጎ አድራጎት ማኅበር መሠረተ። ወላጅ ያጡ ልጆችን ማሳደግ፣ ከእስር የወጡትን ሥራ ማስያዝ፣ ከብት መግዛት፣ ብድር መስጠት፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ጀመረ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሁሉም ማኅበር የቆመው በሀብታሞች ደግነት ነበር። ሀብታሞቹ ዋስ ይሆናሉ፣ ድሆቹ ይቀበላሉ። ተበዳሪው አባል አይደለም። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሞቅ ይላል። ዓመታት ሲያልፉ ዋሶቹ ይደክማቸዋል። ተበዳሪውም ገንዘቡን የሌላ ሰው ገንዘብ አድርጎ ያየዋል። በዴሊች ከተማ ለዕደ ጥበብ ሰዎች የብድር ማኅበር ያቋቋመው ዳኛ ሄርማን ሹልትሰ፣ ማኅበር ራሱን በራሱ ካልረዳ አይዘልቅም የሚል ሰው ነበር። ራይፋይዘን አጥባቂ ክርስቲያን ነው። ምጽዋትን መተው ከበደው። ለመቀበል ዓመታት ፈጀበት። ትልቅነቱ የሚታየኝ እዚህ ነው፤ በመጨረሻ ሐሳቡን ቀየረ።

በ1864 የሄደስዶርፍ የብድር ማኅበር ተቋቋመ። መበደር የሚፈልግ ሁሉ አባል መሆን አለበት ተባለ። አባል የሆነ ሁሉ ደግሞ ለማኅበሩ ዕዳ በሙሉ ንብረቱ ይጠየቃል። ያስፈራል አይደል? ግን አንድ ድሃ ገበሬ ብቻውን ሄዶ የማያገኘውን ገንዘብ፣ መንደሩ በሙሉ አንድ ላይ ዋስ ሲቆም አበዳሪው ይሰጣል። በመንደሩ ውስጥም ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል። ማን እንደሚሠራ፣ ማን መጠጥ ቤት እንደሚያመሽ፣ የማን ላም እንደታመመች ይታወቃል። የከተማ ባንክ በብዙ ወረቀት የሚያጣራውን መንደሩ በነፃ ያውቀዋል። ለዚህ ነው ራይፋይዘን የማኅበሩ ክልል ከአንድ ደብር እንዳይሰፋ አጥብቆ የተከራከረው።

ሌሎቹ ደንቦችም ከዚሁ የመጡ ናቸው። የአመራር አባላት ደመወዝ አይከፈላቸውም፣ የሚከፈለው ለሒሳብ ሠራተኛው ብቻ ነው። ትርፉ ለአባላት አይከፋፈልም፣ ወደማይነካ የጋራ መጠባበቂያ ይገባል። የብድሩ ጊዜ ረዘም ይላል፤ ገበሬ ዘርቶ እስኪያጭድ፣ ከብቷም እስክትወልድ ጊዜ ይፈልጋል። ራይፋይዘን የዓይኑ ሕመም ብሶበት ከከንቲባነት ከወጣ በኋላ፣ በ1866 ይህን ሁሉ በመጽሐፍ አወጣው። ማየት ሲያቅተው ልጁ አማሊ ትጽፍለት ነበር። በ1888 ሲሞት አሠራሩ በጀርመን ገጠር በሰፊው ተዳርሶ ነበር። ዛሬ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ ስሙን የያዙ ባንኮች አሉ። የኔዘርላንዱ ራቦባንክ መጠሪያ መነሻም የሱ ስም ነው።

የማልሸሽጋችሁ ነገር አለ። ራይፋይዘን ለገበሬው ችግር አይሁድ ነጋዴዎችን በጅምላ የሚወቅስ ነገር ጽፏል። ጥላቻ ነው፣ ዘመኑ ነው ብዬ አላልፈውም። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ በነሱ ቁጥጥር ሥር ገቡ። ጎረቤቱን የሚያውቅ መንደር፣ «ከኛ ወገን አይደለም» የሚለውንም በስም ያውቀዋል። ዛሬ በቋንቋና በጎሣ መጠራራት በበዛበት አገር ማኅበር ስታቋቁሙ፣ የአባልነት መስፈርታችሁ አብሮ መኖርና ብድር መመለስ ብቻ ይሁን። በዚህ አልደራደርም።

በግድ የሚሠራ ማኅበርም አይሁንባችሁ። በደርግ ዘመን ከገበሬው ከፊሉ በአምራቾች ማኅበር ታጉሮ ነበር። በ1990 መውጣት ሲፈቀድ አብዛኞቹ በአጭር ጊዜ ፈረሱ። ማኅበር የሚለውን ስም ሲሰሙ ዛሬም ፊታቸውን የሚያዞሩ አባቶች አሉ፣ አትፍረዱባቸው።

እንግዲህ ምን ታድርጉ? በትንሹ ጀምሩ። በመልክ የማታውቁትን ሰው አባል አታድርጉ፤ ፌስቡክ ላይ መተዋወቅ መተዋወቅ አይደለም። ሕጉን፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009ን (ይህ ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው)፣ ራሳችሁ አንብቡት እንጂ የሰው ወሬ አትስሙ። ብድር የሚያጸድቀውና ገንዘቡን የሚይዘው አንድ ሰው አይሁን፣ ወንድማችሁም ቢሆን። መመለሻ ቀኑን ከአዝመራው ጋር አስማሙት፤ ጤፍ ሳይታጨድ በየወሩ ክፈል የምትሉት ገበሬ ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ ይከፍላችኋል።

ውጭ ያላችሁት ደግሞ ለብድር የሚሆን ገንዘብ አትላኩ። ብድሩ ከአባላቱ ቁጠባ ይውጣ፣ ትንሽ ቢሆንም። እናንተ የምትልኩት ለሒሳብ ሠራተኛዋ ሥልጠና፣ ለመዝገብና ለካዝና፣ በየዓመቱም ሒሳቡን ለሚመረምር የውጭ ኦዲተር ክፍያ ይዋል። ይህን የሚሸፍን ሰው ስለማይገኝ ነው ብዙ ጥሩ ማኅበር በሁለተኛው ዓመት ሒሳቡ ተምታቶበት የሚበተነው።