ድምፁ የሚዘገየው በኤፍ ኤል ጥፋት አይደለም

ወንድሜ፣ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ በሚባለው የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌር ስትቀዳ ዘፋኙ የራሱን ድምፅ በሄድፎን ዘግይቶ ይሰማል፤ ባፈሩን (ኮምፒውተሩ በአንዴ የሚያጠራቅመውን የድምፅ ናሙና ብዛት) ስትቀንሰው ደግሞ ይንጣጣል። ጓደኞችህ ሌሎች ሶፍትዌሮችን እየጠሩ «ኩቤዝ ግዛ»፣ «አብልተን ይሻልሃል» እያሉ ግራ አጋብተውህ የቱን ልግዛ ብለሃል።

ምንም አትግዛ። እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ መጀመሪያ የምጠረጥረው ማስተር ትራኩን (ሁሉም ድምፅ ተደምሮ የሚወጣበትን መስመር) ነው። ቢቱን የሠራልህ ልጅ ሊሚተርና ሊኒየር ፌዝ ኢኪው የሚባሉ ፕለጊኖች (በሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመሩ የድምፅ ማስተካከያዎች) ደርድሮበት ሄዷል ብዬ እወራረዳለሁ። እነሱ ድምፁን ቀድመው ለማየት ይዘው ያቆዩታል። ገና ሳይቀዳ ምን ማስተሪንግ (የመጨረሻ ማጣሪያ) አስቸኮለው? አጥፋቸው፣ ቅዳ፣ ሚክስ ላይ ትመልሳቸዋለህ። ክራክ የተደረጉ ፕለጊኖች ካሉም ጠራርገህ አውጣቸው።

ቀጥሎ ኦዲዮ ሴቲንግ ነው። መጀመሪያ ግን ሄድፎኑን አውልቅ፣ ዘፋኙም ያውልቅ። ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከድምፅ ካርዱ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ሲቀየር ድንገት የሚፈነዳው ጩኸት ቀልድ አይደለም። አሲዮ ፎር ኦል (ለማንኛውም ካርድ የሚሆን ጠቅላላ ድራይቨር) ተመርጦ ካገኘኸው የኢንተርፌስህን (ማይኩ የሚሰካበትን የድምፅ ካርድ) የራሱን አሲዮ ድራይቨር ጫንና እሱን ምረጥ። የራሱ ድራይቨር የሌለው ርካሽ የዩኤስቢ ካርድ ከሆነ ግን ለሶፍትዌር ያሰብከውን ብር ደህና ኢንተርፌስ ግዛበት።

አሁን ባፈር። ኮምፒውተሩ በሰከንድ 44,100 ናሙና ይገባለታል፤ አንድ በአንድ አይሠራቸውም፣ እስኪጠራቀሙ ይጠብቃል። 512 ካልከው ለመሙላት 11.6 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ሲገባ አንዴ፣ ሲወጣ አንዴ፣ በድምሩ 23 ገደማ። ድምፅ በአየር ላይ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ዘፋኙ ራሱን 8 ሜትር ርቆ ከተቀመጠ ስፒከር እንደሚሰማ ቁጠረው። እንዲህ ሆኖ ማን ምቱን ይይዛል? 128 ላይ ርቀቱ ወደ 2 ሜትር ይወርዳል፣ ያን ማንም አያማርርም። ግን ባፈሩ ባነሰ ቁጥር ፕሮሰሰሩ ፋታ ያጣል፣ ያልደረሰበት ቦታ ላይ ጣ ጣ ይላል። ስለዚህ ስትቀዳ 128፣ ሚክስ ስታደርግ 1024። በቀየርክ ቁጥር ሄድፎኑ ከጆሮ ይውጣ፣ ደግሜ እነግርሃለሁ። ኩቤዝም ገባህ ሪፐር የሚባለው ሌላ ሶፍትዌር፣ ይሄ ሂሳብ ያው ነው።

ለመሞከር ያህል ሪፐርን 60 ቀን በነፃ እየው። እኔ ግን ኤፍ ኤልን አልለቅም፤ አንዴ ከገዛኸው ማሻሻያው ዕድሜ ልክ ነፃ ነው። የምቀናው በሌላ ነው። ኩቤዝ ስትቀዳ የሚያዘገዩትን ፕለጊኖች በአንድ ቁልፍ ገለል ያደርግልሃል፣ ሎጂክም እንደዚያው፤ ኤፍ ኤልም ቢያመጣልን ደስ ይለኛል። አብልተን ላይቭ 12 ደግሞ የራስህን ቅኝት እንድታስገባ ይፈቅዳል። ክራርን ከኪቦርድ ጋር ለማስማማት ኖታ በኖታ ለሚጎትት ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

128 ላይ ማስተሩ ባዶ ሆኖም ከተንጣጣ የላፕቶፑን የኃይል አጠቃቀም ሃይ ፐርፎርማንስ ላይ አድርገው፣ ዋይፋዩን አጥፋ። እንቢ ካለ የኢንተርፌሱን ሞዴል ጻፍልኝ።